ወደ መስኮት የሚያወጡ ሦስት ደረጃዎች

ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አራተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ መጨረሻው በር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎም ለባልደረቦችዎም ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጉልበታችሁ። ጉልበትን ያነሳሁት ለነገር አይደለም። መሥሪያ ቤታችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑና ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚለው ወረቀት ከተለጠፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው በመሆኑ፣ በየጠዋቱ የምትወጡትን ደረጃ እያሰብኩ ከልቤ ስለማዝንላችሁ ነው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉልኝ፣ እግሩን ግን አልመለሱለትም። ከዚያ ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ያኔ ተከራይተን የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ሰው፣ ሐኪም ቤት ካልሄደ በቀር እሱን የሚያወርደው ጠፍቶ መስኮት ሥር ቀረ። እዚያ ሆኖ ከታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች ያያል። «ይኼኛው ዘግይቷል» ይላል። «ይኼ ልጅ ፍሬን ይጨርሳል» ይላል። ሌላ የሚለው እየጠፋ ሄደ።

ድሮ በማኅበር የደረሰችው፣ በስሙ የተመዘገበች፣ ለእርጅናችን ብለን ያስቀመጥናት ቁራሽ መሬት ነበረችን። አንድ ቀን «እርጅናው ደርሷል፤ እንሥራ እንጂ» አልኩት። ብዙ አሰበና «ፎቅ እንዳይሆን ብቻ» አለኝ። ስንት ወር ሙሉ ሳይቀልድ ቆይቶ ስለነበር በሳቅ ፋንታ እንባዬ መጣ። ክቡር ሆይ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር የተዋወቅነው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱን ለመሥራት ሰባት ወር፣ ቤቱን ለማስፈቀድ አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ስለዚህ በሙያዬ ላይ ሁለተኛ ሙያ ጨምራችሁልኛልና ምስጋናዬን ከነቅሬታዬ በተራ ቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ሆኗል።

አንደኛ፤ ስለ ፎርማችሁ። ፕላናችን ቀላል ነበር። ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ ሰፋ ያለ መታጠቢያ። ወለሉ ለዝናቡ ሲባል ከመሬት አርባ አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ከግቢው በር ወደ ቤቱ የሚያስገባው ግን ደረጃ ሳይሆን፣ አምስት ሜትር ከአርባ ርዝመት ያለው፣ ቀስ እያለ ከፍ የሚል ተዳፋት ነው። ለአንዱ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ስጡ፣ ያኔ ሰው በገዛ ክንዱ ወንበሩን ገፍቶ ይወጣል ብሎ ያስተማረኝ የሐኪም ቤቱ የአካል ማገገሚያ ባለሙያ ነው። ፕላኑ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰልን። ምክንያቱ በቀይ እስክሪብቶ፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ «ተራ ቁጥር 17፤ የውጭ ደረጃ፤ ቢያንስ ሦስት። አልተሟላም» ይላል።

የጽሕፈት ቤታችሁ መስኮት ላይ የተቀመጡትን ወጣት በትሕትና ጠየቅኋቸው። ባለቤቴ ደረጃ መውጣት እንደማይችል፣ ቤቱም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ አስረዳኋቸው። እሳቸውም በትሕትና አዳመጡኝ። «እናቴ፣ ገብቶኛል» አሉኝ። «ግን ፎርሙ ላይ ለተዳፋት ቦታ የለውም። ያለው ለደረጃ ነው። እኔ የት ልጻፈው?» እውነታቸውን ነው፤ ፎርሙን አሳዩኝ፣ ቦታ የለውም። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደረጃው ይኑር ነው የሚለው፤ የት ይኑር አይልም» አሉኝ። ይህን ያህል ጥልቅ ምክር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ነዳፊው ዘንድ ተመልሼ ተዳፋቱን ከሥዕሉ አስወጥቼ፣ በግራ በኩል፣ በትልቁ መኝታ ቤት መስኮት ሥር፣ ሦስት ደረጃ እንዲስልልኝ አደረግሁ። ወዴት እንደሚወስዱ የጠየቀኝ ከናንተ መሥሪያ ቤት አንድም ሰው የለም። በሳምንቱ ፕላኑ ጸደቀ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፊርማው። ይህንን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

የጸደቀውን ፕላን ለመረከብ ባለቤቱ በአካል ቀርቦ መዝገብ ላይ መፈረም አለበት ተባልኩ። «ባለቤቱ ባለቤቴ ነው፤ ደረጃ አይወጣም፤ ውክልና ላምጣ» ብል ለዚህ ጉዳይ ውክልና አይሠራም ተባለ። ስለዚህ ግንበኛችን አናጢውንና ሁለት የጉልበት ሠራተኞች ይዞ መጣ። ይህ ግንበኛ በሰፈሩ «ቱምቢ» ይባላል፤ ግድግዳ የሚያቃናበትን ባለ ክር ቱምቢ ከኪሱ ስለማይለየው ነው፤ ሰው ቤት ቡና ሲጠራ እንኳ የግድግዳውን ቀጥታነት ሳያይ አይቀመጥም። አራቱ ባለቤቴን የእንጨት ወንበር ላይ አስቀምጠው ከኛ ሦስተኛ ፎቅ አወረዱት፣ ወደ እናንተ አራተኛ ፎቅ አወጡት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ እንደ ተሳፋሪ ጮክ ብሎ «ወራጅ አለ!» አለ፤ ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነበር። እኔ ነኝ የሰፋሁለት፤ ክራቫቱንም ያሰርኩለት እኔ ነኝ። እንደዚያ አምሮበት ያየሁት ከጡረታው ስንብት ወዲህ ያን ቀን ነበር።

በራችሁ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ተለጥፏል። ከሥሩ አጀንዳው ተጽፏል፤ የተገልጋይን እርካታ ስለማሻሻል። እርካታችንን እስክታሻሽሉ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። በመሃል ባለቤቴ ሽንቱ መጣ። የፎቁ ሽንት ቤት ተቆልፏል። ቁልፉን ብንጠይቅ የያዙት ሰው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን በአደባባይ አልጽፈውም። ቱምቢ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ እንዳለበሰው፣ አራቱም ሰዎች እንዳወረዱት ብቻ ይወቁልኝ።

ቤት ደርሰን ሸሚዙን ስቀይርለት «ሁለተኛ እንዳታስወጪኝ» አለኝ። «ቤቱም ይቅር። እዚሁ መስኮቴ ላይ ተይኝ።» ፕላኑን አልጋ ሥር አስገባሁትና ሁለት ሳምንት ሳልነካው ቀረሁ። ልብስ እሰፋለሁ፣ እሱ አውቶቡስ ያያል። ስለ ዘገየውም ስለ ፍሬኑም መናገር ተወ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ስልክ ተደወለ። በመዝገብ ቤታችሁ የምትሠራ ሴት ናት። ያን ቀን በኮሪደሩ ስታልፍ አይታን ኖሯል፤ ስልካችንን ከፋይሉ ላይ አውጥታ ነው የደወለችው። «ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ይዛችሁ ሕንጻው በር ላይ ቁሙ፤ አትውረዱ» አለችኝ። እሱን ማግባባት ከኮንክሪት ሥራ የከበደኝ ያን ምሽት ነው። በማግስቱ የሕንጻው በር ላይ ቆምን። ሴትዮዋ ያን ትልቅ መዝገብ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ አራት ፎቅ ተሸክማው ወረደች። ባለቤቴ ታክሲው ውስጥ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ ፈረመ። ፊርማውን አየችና «እንዴት ያለ ቆንጆ ፊርማ ነው!» አለችው። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሹፌሩን ማርሽ አለዋወጥ ሲያርመው ሰማሁና እንዳገገመ ገባኝ።

መዝገብ ከቢሮ ማውጣት እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ማን እንደሆነች አልነግርዎትም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ስድስት ሴቶች አሉ፤ ስድስቱም መነጽር ያደርጋሉ፤ መቅጣት ካለብዎት ስድስቱንም ይቅጡ፤ መሸለም ካሰኘዎትም እንዲሁ።

ሦስተኛ፤ ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም። ፎርማችሁ አርባ ሁለት ጥያቄ አለው፤ እኔ ማወቅ የነበረብኝን ግን አንዱንም አይጠይቅም። ሌላው ሰው እንደኔ እንዳይቸገር የተማርኩትን ላካፍል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ቢለጥፉልኝ ደስ ይለኛል፤ «ስብሰባ ላይ ነን» ከሚለው ጎን ቦታ አለ።

በር ስትለኩ እንደ ልብስ ሰፊ ለኩ። የጨርቅ ልክና የልብሱ ልክ አንድ አይደለም፤ ስፌቱ የሚበላው አለ። በርም እንዲሁ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን በር ግንብ ላይ ሰማንያ ሳንቲሜትር አስከፈትሁ፤ የባለቤቴ ወንበር ስልሳ ስድስት ስለሆነ ተዝናንቼ ነበር። የበሩ ፍሬም በያንዳንዱ ጎን አምስት በላ፤ ሰባ ቀረ። በሩ ሲከፈት ደግሞ ውፍረቱ ሦስት ያህል ወሰደ። ወንበሩን ባዶውን ብናስገባው ገባ። ሰው ተቀምጦበት መንኮራኩሩን በእጁ ሲገፋ ግን የጣቶቹ አንጓ ይላጣል። እጅን አልለካሁም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እጅጌ ሰፍቼ እጅን ረሳሁት! ቱምቢ መዶሻውን አንሥቶ የገነባውን አፈረሰ፣ መቶ ሳንቲሜትር አድርጎ ደግሞ ገነባው። ስለዚህ እናንተ የምትሠሩ ሰዎች፣ የምትፈልጉትን ስፋት ወስኑና ሃያ ጨምሩበት፤ ማፍረስን ያህል የሚያደክም የለም።

ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። እኔ የደረቀ መስሎኝ በሦስተኛው ቀን ተውኩት፤ የበረንዳው ጥግ ፀጉር በመሰለ ስንጥቅ ተሞላ። ከዚያ ወዲህ ጆንያ አርጥቤ እያለበስኩ እንደ ሕፃን ስጠብቀው ከረምኩ። ቧንቧና ሽቦ በግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ፣ ከመለሰኑ በፊት፣ የት እንዳለፈ በወረቀት ላይ ሳሉት። እኔ በልብስ ንድፍ ወረቀት ሁሉንም ግድግዳ ስዬ አንዱን ብቻ «ይኼማ ይታወሰኛል» ብዬ ተውኩ። አናጢው የመስታወቱን ሚስማር የመታው እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ቧንቧው እምብርት ላይ ነው። ተዳፋት ላይ ደግሞ ሴራሚክ አታንጥፉ፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫር ጫር አድርጉት፤ መንኮራኩር ይይዛል። መብራት ማብሪያውን ከወለሉ አንድ ሜትር ላይ አድርጉት። ተቀምጦ የሚኖር ሰው እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ብርሃን መለመን የለበትም።

አራተኛ፤ ስለ ተቆጣጣሪያችሁ። ቤቱ ሲያልቅ ሜትር፣ ክሊፕ ቦርድና ጥቁር መነጽር ይዘው መጡ። መጀመሪያ በመስኮቱ ሥር ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ለኩ። አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት። ደረጃውን ወጥተው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ መጋረጃውን ለአፍታ አዩት፤ ከዚያ ወርደው ምልክት አደረጉ። ቀጥለው ተዳፋቱ ላይ ቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

እኔ አፌን ስከፍት ቱምቢ ቀደመኝ። «የአበባ መደብ ነው» አላቸው፣ ፊቱ እንደ ግንቡ ቀጥ ብሎ።

«አበባው የታል?»

«ገና አልበቀለም።»

የሚታያቸው አምስት ሜትር ከአርባ የሚሆን ኮንክሪት ነው። «የአበባ መደብ» ብለው ጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት በፕላኑ ላይ ያልተመለከተ የአበባ መደብ መገንባታችን ተገልጾ፣ ፕላኑን አስተካክለን መደቡን በአበባ እንድንሸፍን የሚያሳስብ ደብዳቤ ደረሰን። ፕላኑን አስተካከልን። አራት የአበባ ጣሳዎች ገዝቼ በተዳፋቱ ዳርና ዳር ደረደርኩ። ተቆጣጣሪው ተመልሰው መጡ፣ ጣሳዎቹን ቆጠሩ፣ ፈረሙ። ክቡር ሆይ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ላይ ባለቤቴ ቤቱ የሚገባው በአበባ ላይ እየተራመደ ነው። ይህን ያህል ክብር ያለ ጽሕፈት ቤትዎ እገዛ አናገኘውም ነበር።

አምስተኛ፤ አምስተኛውን ቅሬታዬን ደክሞኝ ትቼዋለሁ። እንደ መሥሪያ ቤታችሁ አሠራር ግን ተራ ቁጥሩ ይያዝልኝ።

የገባንበትን ቀን ልንገርዎት፤ ማወቅ ያለብዎት ይመስለኛል። ጠዋት ነበር። ቱምቢና አናጢው ባለቤቴን ከሦስተኛው ፎቅ ለመጨረሻ ጊዜ አወረዱት። ግቢው በር ላይ ወንበሩ ላይ ስናስቀምጠው ልገፋው እጀታውን ያዝኩ። «ተይው» አለኝ። ቀኝ እጁ መንኮራኩሩን ይገፋል፣ ቀኝ እግሩ መሬቱን እየረገጠ ያግዘዋል፤ ትንሽ ወጣ፣ አረፈ፤ ትንሽ ወጣ፣ አረፈ። ቱምቢ ከኋላው እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካው፣ ተከተለው። በሩን አልፎ ገባ። ሳሎኑን አየ፣ ወጥ ቤቱን አየ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በራሱ እጅ ቧንቧውን ከፍቶ ፊቱን ታጠበ። ከዚያ ዞሮ ወጣ። ግቢው በር ደረሰና ደግሞ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ደግሞ ወጣ። በአራተኛው ደንግጬ «ምን ሆነህ ነው? የረሳኸው ነገር አለ?» ስለው ላቡን እየጠረገ «ምንም» አለኝ። «እየወጣሁ እየገባሁ ነው።»

አናጢው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቱምቢ ባለ ክር ቱምቢውን ከኪሱ አውጥቶ ቀጥ ያለውን የበር ፍሬም እንደ አዲስ ይለካ ጀመር። እኔ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩና ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልሠራ ቆየሁ።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ ባለፈው ሳምንት የደረሰን ደብዳቤዎ። በፊርማዎ እንደተገለጸው፣ ወደ መስኮት የሚያወጣ ደረጃ ለሌባ የሚመች፣ ለጸጥታም የሚያሰጋ በመሆኑ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድናፈርሰው፣ ካላፈረስን የመኖሪያ ፈቃዳችን እንደሚሰረዝ ታዟል። ከፈረሰ ደግሞ ተራ ቁጥር 17 አይሟላምና ፈቃዱ እንደሚሰረዝ ወጣቱ ባለ መስኮት በትሕትና አስረድተውኛል። ደብዳቤውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሁለቴ አስነበበኝ። «ወደፊትም ወደኋላም አትሂድ ማለታቸው ነው» አለ። «አውቶቡስ ቢሆን ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ እላለሁ።»

እኛም ያደረግነው ይህንን ነው፤ ቁጭ ብለናል። ደረጃውን አናፈርስም፤ ቱምቢንም ሁለተኛ አፍርስ የምልበት ፊት የለኝም። የአበባ መደብ የተባለውም የአበባ መደብ አለመሆኑን፣ የአንድ ሰው መግቢያና መውጫ መሆኑን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ አምኛለሁ። ቅጣቱ ካለ በስሜ ይጻፍ፤ ቱምቢ የተናገረው እኔን ሊሸፍን ነው። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህንንም ያለ ቀልድ ነው የምለምንዎት። ከተራ ቁጥር 17 ሥር አንድ መስመር ያስጨምሩ። «ወይም ተዳፋት» ይበል። ሁለት ቃል ነው። ወጣቱ ባለ መስኮት የሚጽፍበት ቦታ ያገኛል፣ ተቆጣጣሪው እውነት ይጽፋል፣ ከኔ በኋላ የምትመጣዋ ሴትም መስኮት ሥር ደረጃ አትሠራም። የቀን ገደቡ ሊያልፍ አምስት ቀን ቀርቶታል። ደክሞኛል ክቡር ሆይ፤ ቢሆንም ቤት ነኝ፤ ሊያፈርስ የሚመጣውን ሰው በሩን ከፍቼ እቀበለዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን በተዳፋቱ መሃል ፍሬኑን ይዞ እንደሚጠብቀው ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ለጨመሩልኝ ዕውቀት፣ በሥዕል እንጂ በሥራ ሳላውቀው ልሞት ለነበረው የደረጃ አሠራር ጥበብ ሁሉ ወሰን የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የሥራ ዘመንዎ የረዘመ፣ ስብሰባዎ ያጠረ፣ የሽንት ቤታችሁም ቁልፍ ከተገልጋይ ያልራቀ እንዲሆን በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የተራ ቁጥር 17 ባለ ዕዳ፣
የሹፌሩ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፤ እርስዎም በቅርቡ ቤት መሥራት እንደጀመሩ፣ ባለ ሦስት ፎቅ እንደሆነና መኝታ ቤቶቹ በሙሉ ላይኛው ፎቅ ላይ እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ክፉ አልመኝልዎትም። ብቻ የምድር ቤቱ ግድግዳ ከመነሣቱ በፊት አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሰፊ በር እዚያ ያስወጡ። ሁላችንም እናረጃለንና። ለዚህ ምክሬ ማመልከቻ አያስገቡ፣ ፎርም አይሙሉ፣ ለመፈረምም በአካል አይቅረቡ፤ ከፈለጉ ሜትሬን ይዤ እኔ እመጣለሁ።